የእትዬ ፋንታነሽ የመዳብ አምባር

ቢቸና፣ ጥር ፲፰ ቀን ፲፱፻፷፭ ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ሐምዱ፣

ሰላም ላንተ፣ ሰላም ለባለቤትህ ለጦይባ። ሰላምታዬ እዚህ ላይ አለቀ።

ይህን ስታነብ ወረቀቱን ገልብጠህ «ገላው ታሞ ነው ወይስ ሞቶ ሌላ ሰው ጻፈለት?» እንደምትል አውቃለሁ። የኔ ሰላምታ እንኳን በአንድ መስመር ሊያልቅ፣ ደጀን ወርዶ፣ የጁቤ ዞሮ፣ አማኑኤል አድሮ ነበር ሞጣ የሚገባው። ከብቱን፣ አዝመራውን፣ የጎረቤትን ጎረቤት ሳልጠይቅ ወደ ጉዳይ ስገባ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ለምን እንዳሳጠርኩት ወደ ታች ስትወርድ ታገኘዋለህ። ያሳጠሩብኝ እትዬ ፋንታነሽ ናቸው።

ሁለት ዓመት ሙሉ አልጻፍኩልህም። ለሌላው ሁሉ ስጽፍ ነበር። ለባል ጽፌአለሁ፣ ለሚስት ጽፌአለሁ፤ ለአንድ የወሰን ክርክር እንዲያውም ለከሳሹም ለተከሳሹም በአንድ ቀን አቤቱታ ጽፌ ሁለቱም መርቀውኝ ሄደዋል። ላንተ ግን ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ሌላ ሥራ ትዝ ይለኛል፤ ሌላ ሥራ ካጣሁ ደግሞ እንቅልፌ ይመጣል።

መጀመሪያ ማዕረጌን ልንገርህ፤ ዝቅ ብለህ አንብበው። የክሊኒኩ የምረቃ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኛለሁ። «ክሊኒኩ ከተመረቀ ሁለት ዓመት አልሆነውም ወይ?» ብትል ልክ ነህ፤ ሆኖታል። ምረቃው አለፈ፣ ኮሚቴው ግን አላለፈም። በየሐሙሱ ይሰበሰባል። አጀንዳው አንድ ነው፤ ያለፈውን ሐሙስ ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ። ያለፈው ሐሙስ ቃለ ጉባኤ ደግሞ የሚለው ከዚያ በፊት ያለው ሐሙስ ቃለ ጉባኤ ጸደቀ ነው። ሰብሳቢው ያው ባላምባራስ ጓዴ ናቸው። ማኅተሙ በኔ ኪስ ነው። አንተ ከመኪና ላይ እንደ ሙሽራ እየደገፍክ ያወረድከው የመብራት ሞተር ዛሬ የሚያበራው የኮሚቴውን መሰብሰቢያ ብቻ ነው። ክሊኒኩ፣ ሕዝቡ ድንጋይ ተሸክሞ ያቆመው፣ ሞተሩ የተገዛለት ክሊኒክ፣ በፋኖስ ነው። ፋኖሱም አንዱ መስተዋቱ የለም።

ባለፈው ሳምንት ከሞጣ ደብዳቤ መጣልን። የአዲሱ ትምህርት ቤት አሠሪዎች የጻፉት ነው። ሳታየው አትቀርም፤ ካላየኸው ቃሉ ይኸው፤ «ሐምዱ ሙሐመድ የተባለው የመብራት ሠራተኛ የትምህርት ቤታችንን መስመር ልዘርጋ ብሎ አመልክቷል። ነገር ግን ቢቸና የሠራው ሥራ ሰው መታ ይባላል። እውነት ከሆነ ልጆቻችንን በእጁ አንጥልም። ሐሰት ከሆነም የሚያውቅ ይመስክርለት።»

ባላምባራስ አነበቡት፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወረቀቱን ወደኔ ገፉት። «እንደተለመደው መልስላቸው» አሉኝ።

የተለመደው ምን እንደሆነ እኔም አንተም እናውቃለን። ሁለት ዓመት የኖርኩበት ነው። አንተም ሁለት ዓመት ሥራ ያጣህበት ነው።

እና ሐምዱ፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ። ግማሹን ታውቃለህ። እንደምታውቅም አውቃለሁ። ግን ከአፌ ሰምተኸው አታውቅም።

አንተ ጋ የመጣሁት ከቅኔ ቤት ተባርሬ ነበር። ላንተ የነገርኩህ «ጤና አጥቼ ተውኩት» ብዬ ነው፤ እሱም አንዱ ውሸት ነው። የኔታ ያሉኝ እንዲህ ነው፤ «ልጄ፣ ቃል ታሳምራለህ። ስከፍተው ግን ውስጡ ምንም የለም። ሂድ፣ በእጅህ የሚዳሰስ ነገር ሥራ።» እኔም የሚዳሰስ ነገር ፍለጋ ስዞር አንተን አገኘሁ፤ አንተ ደግሞ የሚዳሰሰውን ነገር እንዳይዳሰስ አድርጎ መሥራት ነበር ሥራህ።

የመጀመሪያው ትምህርቴ ትዝ ይልሃል? በክሊኒኩ ግድግዳ ላይ አመድማውን የቆጣሪ ሳጥን ሰቅለህ፣ ሽቦው የሚያልፍበትን የብረት ቧንቧ በጎኑ አስገብተህ ጠራኸኝ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሳጥን።»

«ይህስ?»

«ቧንቧ።»

«ስንት ናቸው?»

«ሁለት ናቸዋ!»

«ተሳሳትክ። ስጨርስ አንድ ናቸው።»

የቅኔ ቤት አመሌ አለቀቀኝምና «እንደ ባልና ሚስት ማለትህ ነው» አልኩ፣ ተራቀቅሁ ብዬ።

«ባልና ሚስት ቢጣሉ ሽማግሌ ይገባል» አልከኝ። «እነዚህ ከተጣሉ ቀባሪ ነው የሚገባው።»

ከዚያ ሰንጢህን አወጣህና ያንን የሚያብለጨልጭ አዲስ ሳጥን፣ ቧንቧው በሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ፣ ነጭ ብረቱ እስኪወጣ ድረስ ፋቅኸው። እኔ ጮኽኩ። አዲስ ነገር ሲፋቅ አይቼ አላውቅማ! አንተ ቀና ሳትል፣ ቀለም በመካከላቸው ከገባ ተቃቅፈው የማይነካኩ ናቸው አልከኝ። ዳዶውን፣ ቧንቧውን ከሳጥኑ ጋር የሚያጣብቀውን የብረት ቀለበት፣ በተፋቀው ላይ አስገብተህ በፒንሳ አጠበቅኸው። እሱም አልበቃህም፤ መዳብ ሽቦ ወስደህ አንዱን ጫፍ ከቧንቧው፣ ሌላውን ከሳጥኑ አሰርክ። ሳጥኑን ደግሞ በጓሮ በኩል መሬት ውስጥ ከቀበርከው የብረት ካስማ ጋር አገናኘህ።

«ይህ ሁሉ እስር ለምን?» አልኩህ።

«በቧንቧው ውስጥ የሚያልፈው ሽቦ አንድ ቀን ልብሱ ይቀደዳል። ያኔ ኃይሉ ወደ ቧንቧው ይወጣል። መንገድ ካገኘ በሳጥኑ አልፎ ይሄድና ቫልቮላውን፣ ያንን መስመር ቆራጩን ቀጭን ሽቦ፣ አቃጥሎ እዚያው ይሞታል፤ ሰው ደህና ነው። መንገድ ካጣ ግን ቧንቧው ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል።»

«ምን እየጠበቀ?»

«እጅ።»

ከዚያ ወዲያ ግማሽ ዓመት አብረን ስንሠራ ከዚህ የሚበልጥ አልነገርከኝም፤ የቀረው ሁሉ «ዳዶውን አጥብቅ» ነበር። ጧት ዳዶውን አጥብቅ፣ ማታ ዳዶውን አጥብቅ። አንድ ቀን እንኳ «ጎበዝ» ብለኸኝ አታውቅም። ይህን የምነግርህ ለመውቀስ አይደለም፤ ቀጥሎ ለሚመጣው ነው።

ደግሞ በዚያው ልክ፣ በዚህ አውራጃ ጾምን እንደኛ የወደደ ሰው አልነበረም። በፍስኩ ቀን ሥጋው ይለየናል፤ የእስላም ቢላዋ ላንተ፣ የክርስቲያን ቢላዋ ለኔ፣ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን ነበር የምንበላው። ረቡዕና ዓርብ ሲመጣ ግን አንድ ሰሃን ነው። «ሽሮ ሃይማኖት የላትም» ያልከው አንተ ነህ። እናቴም ይህን ሰምታ፣ ረቡዕ ረቡዕ ሽሮውን በሁለት ሰው ልክ ትሠራ ጀመር፤ እስከ ዛሬም አንዳንዴ ትረሳና በሁለት ሰው ልክ ትሠራለች።

ምረቃው ስምንት ቀን ሲቀረው ለኒካሕህ ሞጣ ልትሄድ ተነሳህ። በጨው መኪናው ላይ ወጥተህ፣ መኪናው እየተንቀሳቀሰ፣ ጣትህን ቀስረህ «ገላው! የፋቅኩትን እንዳትቀባ! ያሰርኩትን እንዳትፈታ!» አልከኝ። «ባባቴ አጥንት!» አልኩህ። አባቴን ያውቁ የነበሩ ሁለት ሽማግሌዎች እዚያ ቆመው ነበር፤ ባባቴ አጥንት ስምል ሰምተው አንገታቸውን ነቀነቁ። ምነው አባትየውን እንኳ በሰላም ቢያሳርፈው ማለታቸው ይመስለኛል።

በማግስቱ ባላምባራስ ጓዴ መጡ። በትራቸውን ተመርኩዘው ሳጥኑን ሊገዙት እንዳሰቡት ፈረስ አዩት።

«ይኼ እከክ ነው የያዘው?»

«የተፋቀ ነው ጌታዬ። ሐምዱ ነው፤ ብረቱ እንዲገናኝ…»

«ገመዱስ?»

«መዳብ ነው። እንዲያያዝ…»

«እንግዳ ከደብረ ማርቆስ ይመጣል፣» አሉ፣ «ጃኖ የለበሰ ሁሉ ይመጣል፤ መጥቶ የሚያየው የታሰረ ሳጥን ነው? ምን ሰርቆ ታሰረ ቢለኝ ምን ልመልስ?»

ሳቅሁ። ጥፋቴ ከዚያ ጀመረ፤ ሹም ሲቀልድ የሳቀ ግማሹን ፈርሟል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉና፣ «ሐምዱ እጅ አለው፣ አልክድም። ዓይን ያለህ ግን አንተ ነህ። የቅኔ ቤት ልጅ ማማር ያውቃል» አሉኝ።

ሐምዱ፣ አላስገደዱኝም። በማኅበሩ፣ በሻይ ቤቱ፣ በገዛ አልጋዬም ላይ «ምን ላድርግ፣ ታዝዤ ነው» እያልኩ ሁለት ዓመት ኖሬአለሁ። ታዝዤ አልነበረም። ተመስግኜ ነው። ግማሽ ዓመት ዳዶ ያጠበቀ ሰው «ዓይን አለህ» ሲሉት ምን እንደሚሆን አታውቅም፤ አንተ ምስጋና ሳትፈልግ የተፈጠርክ ሰው ነህ።

ከነጋዴ ቤት አንድ ቆርቆሮ አረንጓዴ የዘይት ቀለም አመጣሁ። መዳቡን ፈታሁ። ዳዶውን ፈታሁ። ቧንቧውን ከሳጥኑ አወጣሁ። ሳጥኑን ውጭ ውስጡን ቀባሁ፤ የፋቅኸውን ቀባሁ፤ የቧንቧውን አፍ ቀባሁ፤ ለዳዶው እንኳ አዝኜለት ሁለቴ ቀባሁት። ፀሐይ ላይ አደረቅሁና መለስኩት። ቧንቧውን ስገፋው ከውስጥ ጭርር የሚል ድምፅ ሰማሁ። የቧንቧው ከንፈር የሽቦውን ልብስ ሲቀድ ነበር። እኔ ግን የምጨነቀው ቀለሙ እንዳይጫርብኝ ነበርና ድምፁን ሰምቼ ቀለሙን አየሁ፤ ቀለሙ ደህና ነው፤ ደስ አለኝ።

መዳቡ መሬት ላይ ቀረ። እትዬ ፋንታነሽ፣ የክሊኒኩን ፋሻ የሚያጥቡት፣ ባልዲያቸውን አስቀምጠው አነሡት።

«ገላው ልጄ፣ ይህን ለምን ትጥለዋለህ? መዳብ ለቁርጥማት ደግ ነው ይላሉ እኮ።»

«ይውሰዱት እትዬ።»

«ምን አደርገዋለሁ እንዲህ ሆኖ? አጣምልኝ እንጂ!»

በፒንሳ አጣምሜ ለሁለት እጃቸው ሁለት አምባር ሠራሁላቸው፤ እያንዳንዱ አራት ዙር። ጫፉ እንዳይወጋቸው በሞረድ አለሳለስኩት። ያን ቀን በጥንቃቄ የሠራሁት ሥራ ያ ብቻ ነው። «እጅህ ይባረክ» አሉኝ።

ምረቃው ሆነ። ሪባን ተቆረጠ። የደብረ ማርቆሱ እንግዳ ሳጥኑ ፊት ቆመው «እንዴት ያለ ያማረ ነገር ነው!» አሉ። በጠቅላይ ግዛቱ ታሪክ ሳጥን የተመሰገነው ያን ቀን ብቻ ሳይሆን አይቀርም። «ማነው የሠራው?» ሲሉ ባላምባራስ ወደኔ አመለከቱ። እኔም ጎንበስ አልኩ። አንተ ያን ሰዓት ሞጣ፣ የሠርግ ቤት ውስጥ ነበርክ፤ «ሐምዱ ነው» ብል አፌ አይወልቅም ነበር፤ አላልኩም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ እትዬ ፋንታነሽ ያጠቡትን ፋሻ በእጥበት ቤቱ ግድግዳ በሚያልፈው ቧንቧ ላይ ሊያሰጡ እጃቸውን ዘረጉ። ቁስል የምታክመው ድሬሰሯ ስሜነሽ ስትጮኽ ሰምቼ ሞተሩን አጥፍቼ ሮጥኩ። መሬት ላይ ነበሩ። ዓይናቸው ተከፍቷል፣ አይናገሩም። በቀኝ እጃቸው ከአምባሩ ሥር ቆዳቸው ዙሪያውን ተጠብሷል፤ አራት ዙር ተቆጥሮ ይታያል።

ያን ጊዜ ገባኝ። ያ መዳብ ከቧንቧውና ከሳጥኑ መካከል ቆሞ መንገድ ሊሆን ነበር። እኔ ከቧንቧውና ከሴትየዋ መካከል አቆምኩት። መዳቡ ምን ያድርግ! የተፈጠረበትን ሠራ።

ተረፉ። ሁለት ጣታቸው ግን ከዚያ ወዲያ አልታጠፈም።

አገራችንን ታውቃለህ፤ እትዬ ፋንታነሽ በተረፉ በሳምንቱ «መብራት መትቷቸው ያዳናቸው መዳቡ ነው» ተባለ። በገበያ ቀን ብትመጣ መዳብ ያላጠለቀ እጅ አታገኝም ነበር። ትንሽ ትልቅ ሳይል ሁሉም አጠለቀ፤ ባላምባራስም በሁለት እጃቸው። ሳጥኑ ደግሞ ርኩስ መንፈስ አለበት ተብሎ አባ ገብረ ሚካኤል ጸበል እንዲረጩ ተጠሩ። አባ ጸበሉን ይዘው ደጃፉ ላይ ቆሙና «መጀመሪያ ሞተሩን አጥፉት፤ ከዚያ መንፈሱን እኔ አወጣዋለሁ» አሉ። ከኮሚቴው ሁሉ የተሻለ የኤሌክትሪክ እውቀት የነበራቸው እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ኮሚቴው ተቀመጠ። «ማነው የሠራው?» አሉ። በምረቃው ቀን የተጠየቀው ያው ጥያቄ ነው። አሁን ግን ወደኔ ያመለከተ አልነበረም፤ ባላምባራስ ኮርኒሱን ያዩ ነበር። እኔም ተነሥቼ፣ «ሥራውን የጀመረው ሐምዱ ነው» አልኩ። የተለመደው መልሳችን ከዚያ ቀን ጀመረ።

ቃል በቃል እውነት ነው። ሥራውን የጀመርከው አንተ ነህ። ቅኔ ቤት የቀረልኝ ይህ ነው ሐምዱ፤ ሳልዋሽ መዋሸት።

ሲልኩብህ መጣህ፤ የሠርግ ነጠላህ ገና አላደፈም። «ልየው» አልክ። ፒንሳህን አውጥተህ ዳዶውን ፈታህ። ከዳዶው ሥር ያለውን በሰንጢህ ጫፍ ነካ አደረግኸው፤ አረንጓዴ ቅርፊት ተጠቅልሎ ወጣ። አንተ ስትሄድ ሳጥኑ አመድማ ነበር። አረንጓዴው የመጣው በማግስቱ ነው። ቅርፊቱን አየኸው፣ ከዚያ እኔን አየኸኝ።

«አረንጓዴ ነው» አልክ፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

«ምን አገኘህ?» አሉ ባላምባራስ ከኋላ።

«ዳዶ ነው ጌታዬ» አልካቸው። «መዳብ ስጡኝና ላስረው፤ የተቀባውም ይፋቅ።»

«ሁለተኛ እንዳትነካው! በቃ! ሂድ ካገራችን!»

ፒንሳህን ቀስ ብለህ ኪስህ ከተትክ። ዳዶውን በመዳፌ ውስጥ አስቀመጥክና ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፍክብኝ። ከዚያ ሄድክ። እኔም በማግስቱ የክሊኒኩን መስመር ከሞተሩ ነቀልኩት።

ለምን ዝም እንዳልክ እስከ ዛሬ አላውቅም። «እናቱ ሌላ ልጅ የላትም፣ ይታሰርባታል» ብለህ ይሆናል። «ለዚህ ደግሞ አፌን ልክፈት?» ብለህም ይሆናል። ደግነት ከሆነ መሸከም አልቻልኩም፤ ንቀት ከሆነ ይገባኛል። እንድትነግረኝም አልጠይቅህም።

አሁን ወደዚህ ሳምንት ልምጣ።

የሞጣን ደብዳቤ በኪሴ ይዤ ሦስት ቀን ዞርኩ። በአራተኛው ቀን ከቀትር በፊት እትዬ ፋንታነሽ ጋ ሄድኩ። ክሊኒኩ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው የደረቀ ፋሻ ይጠቀልላሉ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ ነበር።»

«ተቀመጥ። ቆሞ የሚናገር ሰው ሊሮጥ ያሰበ ነው።»

ተቀመጥኩ። ነገርኳቸው፤ ቀለሙን፣ ጭርር ያለውን፣ መዳቡ ከየት እንደ መጣ፣ አንተ ምን ብለህ እንደሄድክ። ፋሻ መጠቅለላቸውን አላቆሙም። ስጨርስም ጥቂት ጠቀለሉ።

«እኔ እኮ ሁለት ዓመት ሙሉ የገረመኝ፣» አሉ፣ «ይህ ልጅ ምን ነካው? ሰላምታው እንዲህ የረዘመው ከየት ወዲህ ነው? ስል ነበር። ድሮ ‹እንደምን አደሩ› ብለህ ታልፍ ነበር። ከወደቅሁ ወዲህ ጉልበቴን፣ ወገቤን፣ የዶሮዬን ጤና ሳትጠይቅ አታልፍም። ንጹሕ ሰው ሰላምታው አጭር ነው፣ ልጄ።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔማ የሞተብኝ ሁለት ጣት ነው። ስምንት ቀርቶኛል። ያ የሞጣ ልጅ ግን ያጣው ስሙን ነው። ሰው ስንት ስም አለው?»

«አንድ።»

«እንግዲያው ይቅርታውን ከዚያ ጀምር።»

ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ። በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዘው ወጡ። አገሩ ሁሉ መዳብ ሲያጠልቅ እሳቸው ሁለቱን አምባሮች አውልቀው ቋጥረው አስቀምጠውታል። «እኔ አዳነኝ እያልኩ አገር ሙሉ አስለበስኩ!» ብለው ሳቁ፤ ሲስቁ እንባቸው ይመጣል፤ የዚያ ቀኑ ግን የሳቅ ብቻ አልመሰለኝም። «እንካ። መልሰው ቦታው። ደግሞ ለልጁ ጻፍ። በገዛ እጅህ ጻፍ፤ የኔ ጣት አይታጠፍም፣ ያንተ ይታጠፋል። ሰላምታውን አታስረዝም።»

ይኸው ሰላምታዬ ለምን እንዳጠረ።

በዚያው ቀን ሰንጢና ሞረድ ይዤ ሳጥኑ ፊት ቆምኩ። ቀለሙን ፋቅሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ድንጋይ ሆኗል፤ ሁለቴ የቀባ ሰው አራቴ ይፍቃል። ሳጥኑን ፋቅሁ፣ የቧንቧውን አፍ ፋቅሁ፣ ከንፈሩን በሞረድ አለሰለስኩ። የተቀደደውን ሽቦ አውጥቼ በአዲስ ለወጥኩ። ዳዶው ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ሁለት ዓመት ኪሴ ውስጥ ነበር፤ እሱንም ፋቅሁ። ከዚያ አምባሮቹን ፈታሁ። አራት ዙር መዳብ ለመጣመም እንጂ ለመቃናት አይወድም፤ በመዶሻ እያባበልኩ አቀናሁት። አንዱን ከቧንቧው ወደ ሳጥኑ፣ ሌላውን በላዩ ደግሜ አሰርኩ። ዳዶውን አጠበቅሁ። ደግሜ አጠበቅሁ። ድምፅህን ሰምቼ ለሦስተኛ ጊዜ አጠበቅሁ።

የነቀልኩትን መስመር መልሼ ከሞተሩ አገናኘሁ፤ ስሜነሽ ሞተሩን አስነሣችልኝ። አንተ ስትፈትን ያየሁትን ፈተና ፈተንኩት፤ ሰው አርቄ፣ ጎማ እጀታ ባለው ፒንሳ፣ ኃይል ያለውን ሽቦ ሆን ብዬ ቧንቧው ላይ ነካሁት። ቷ! ቫልቮላው ተቃጠለ። ሐምዱ፣ እኔ ማሕሌት ሰምቼ አድሬአለሁ፤ ከዚያች «ቷ» የሚያምር ድምፅ ግን ጆሮዬ አልገባም። ኃይሉ መንገድ አግኝቶ፣ ማንንም ሳይጠብቅ፣ እዚያው ሞተ።

አዲስ ቫልቮላ አስገብቼ በጠራራ ፀሐይ መብራቱን አበራሁ። ዞር ስል እትዬ ፋንታነሽ እጥበት ቤት ገብተው፣ «ቆዩ!» ሳልል፣ ያችኑ ሁለት ጣቷ የማይታጠፍ እጅ ዘርግተው ቧንቧውን ያዙት። እሳቸው ያዝ እንዳደረጉት፣

«ቀዝቃዛ ነው» አሉ። ፋሻቸውንም አሰጡበት።

የቀረው ኮሚቴው ነበር። ትናንት ሐሙስ ነው። እንደ ሥርዓቱ ተነሥቼ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማንበብ ጀመርኩ፤ ብቻ በቦታው ይህን አነበብኩ፦ «የክሊኒኩን ሳጥንና ቧንቧ ሐምዱ ሙሐመድ በሚገባ አያይዞ እንደነበር፤ እሱ በሌለበት በሰብሳቢው ፈቃድ ማያያዣውን ፈትቶ፣ የተፋቀውን ቀብቶ፣ እትዬ ፋንታነሽን ለአደጋ ያበቃ ጸሐፊው ገላው እንደሆነ፤ ሐምዱ ጥፋት የሌለበት መሆኑን ኮሚቴው አውቆ ለሞጣ ትምህርት ቤት አሠሪዎች እንዲጽፍ።» አንብቤ ስጨርስ እንደ ሁልጊዜው ግማሹ አንቀላፍቷል፣ ግማሹ ምሳውን ያስባል።

«ጸድቋል» አሉ በአንድ ድምፅ።

ማኅተሙን መታሁ። ባላምባራስ ከአፍታ በኋላ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ምን ነበር ያልከው?»

«ጸድቋል ጌታዬ።»

የሆነውን ልንገርህ? ተቆጡ፤ አባርርሃለሁ አሉ። ግን እኔን ለማባረር ቃለ ጉባኤ ያስፈልጋል፣ ቃለ ጉባኤ የሚጽፈው ደግሞ እኔ ነኝ፤ እስከሚመጣው ሐሙስ ጸሐፊ ነኝ። በሚመጣው ሐሙስ ራሴን አሰናብቼ፣ አጽድቄ፣ ማኅተሙን አስረክቤ እወጣለሁ። ዛሬ ጧት ደግሞ በትራቸውን ይዘው ክሊኒኩ መጡ። ሳጥኑን አዩት። ነጭ ብረቱ ተፍቆ ይታያል፣ መዳቡ ጠማማ ነው፣ ቀለሙ ተዥጎርጉሯል።

«አስቀያሚ ነው» አሉ።

«አዎ ጌታዬ።»

«ይመታል?»

«አይመታም።»

የራሳቸውን አምባሮች ከእጃቸው አወለቁና ኪሳቸው ከተቱ። «እንግዲያው ይቀመጥ» ብለው ሄዱ።

ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ ከዚህ ጋር በአንድ ፖስታ ለጨው መኪናው ሹፌር እሰጠዋለሁ። ለአሠሪዎቹ ከመስጠትህ በፊት አንብበው፤ ቃሉ ያማረ አይደለም፣ ሆን ብዬ ነው። ክሊኒኩ በርቷል፤ ትናንት ማታ ስሜነሽ አንዲት እናት አዋልዳለች፤ ፋኖሱን ማንም አልፈለገውም።

ማኅተሙን ካስረከብኩ በኋላ በሚመጣው ረቡዕ ሞጣ እገባለሁ። ሰንጢና ሞረድ ይዣለሁ። ለትምህርት ቤቱ ሥራ ፋቂ ከፈለግህ እፍቃለሁ፤ ሌላ ነገር አልነካም፣ አልቀባም፣ «ጎበዝ» በለኝም አልልህም። እናቴ ሽሮ ቋጥራልኛለች፤ እንደ ልማዷ በሁለት ሰው ልክ። በርህ ክፍት ከሆነ አብረን እንበላዋለን። ከተዘጋብኝም አትጨነቅ፤ ቀኑ ረቡዕ ነው፣ እጾማለሁ።

ዳዶው ጠብቋል።

ገላው